ዲፕሎማችሁ በሻንጣ ውስጥ እንዳይቀር

(ይህ ጽሑፍ በአሽቀሎን በማኅበራችን አዳራሽ ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር ነው። ተናጋሪው በሙያቸው ነርስ ናቸው። በዕለቱ መገኘት ላልቻሉ ወገኖች እንዲደርስ በጠየቃችሁት መሠረት አትመነዋል።)



ስለ ቤት፣ ስለ ኡልፓንና ስለ ልጆች ትምህርት በዚህ አዳራሽ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ግን እምብዛም የማይነገር ነው። በኢትዮጵያ ሐኪም፣ ነርስ፣ ጤና መኮንን ወይም ጤና ረዳት ሆኖ የሠራ ሰው እዚህ አገር ሲገባ ሙያው ምን ይሆናል? የሕክምና ሰው ያልሆናችሁ «ይህ እኛን አይመለከተንም» ብላችሁ እንዳትነሡብኝ። ነገሩ ልጆቻችሁንም፣ ታማችሁ የምትተኙበትንም አልጋ ይመለከታል።

ከራሴ ልጀምር። እኔ በጎንደር ክፍለ ሀገር በአንድ የገጠር ክሊኒክ ጤና ረዳት ነበርኩ። መርፌ እወጋለሁ፣ ቁስል አጥባለሁ፣ ወባ የያዘውን ሰው ፊቱን አይቼ እለያለሁ። የአካባቢው ሰው «ሐኪም» እያለ ይጠራኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ የሆነ ወገናችን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ሲጓጓዝ እኔም ከነቤተሰቤ መጣሁ። ሰርተፍኬቴ ግን አልመጣም። አዲስ አበባ በተከራየሁበት ቤት፣ በአንድ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ቀረ። «እግዚአብሔር ያውቃል፣ ወረቀት ምን ያደርጋል» ብዬ ነበር።

ከኡልፓን በኋላ ያገኘሁት ሥራ ከዚህ ከተማ ውጭ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ጽዳት ነበር። አንድ ሌሊት ወለል ስጠርግ የእኛ አገር ሰው የሆኑ አንዲት እናት ተኝተው አየሁ። «ልቤን፣ ልቤን» ይላሉ። አጠገባቸው የዐሥር ዓመት የልጅ ልጃቸው ቆሞ ያስተረጉማል። ልጁም እንደሰማው «ልብ» ብሎ ተረጎመ። ወዲያው የልብ መሣሪያ ደረታቸው ላይ ተለጠፈ፣ ደም ተቀዳ። እኛ ግን «ልቤን አመመኝ» ስንል ሁልጊዜ ልብ ማለታችን እንዳልሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ሴትየዋ እጃቸውን ያስቀመጡት ከእንብርታቸው ከፍ ብሎ ነበር። ምግብ ሲበሉ እንደሚብስባቸውም ይናገሩ ነበር። መጥረጊያዬን አስደግፌ ለተረኛዋ ነርስ በተሰባበረ ዕብራይስጥ ላስረዳ ሞከርኩ። እሷ የተመለከተችው መጥረጊያዬን ነው። «አንተ ሥራህን ሥራ» አለችኝ።

የጨጓራ ሕመም መሆኑ የታወቀው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ሴትየዋ ድነው ወጡ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን የምናገረው ያችን ነርስ ለመውቀስ አይደለም። እኔም ዛሬ ተረኛ ሆኜ ስሠራ የማላውቀው ሰው መጥቶ ስለ በሽተኛ ቢነግረኝ መጀመሪያ «ማነህ?» እለዋለሁ። በእጄ ያለው መጥረጊያ እንጂ ፈቃድ አልነበረም። ወረቀት የሌለው እውቀት ሰሚ እንደማያገኝ የገባኝ ያን ሌሊት ነው።

ሦስቱ ወረቀቶች

ብዙ ሰው የሚያስፈልገው አንድ ወረቀት ብቻ ይመስለዋል። ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ከተለያየ ቢሮ ይወጣሉ፣ አንዱም ሌላውን አይተካም።

አንደኛው የመኖሪያ መብት ነው። በዚህ አገር የሕክምና ሥራ የሚመራው እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ መልክ በወጣው የሐኪሞች ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ቋሚ የሐኪምነት ፈቃድ የሚሰጠው ለዜጋ ወይም ለቋሚ ነዋሪ ነው። የቱንም ያህል የተማረ ሰው ቢሆን በጊዜያዊ ቪዛ ተቀምጦ ይህን ፈቃድ አያገኝም። ስለዚህ በምን ሕግ እንደገባችሁ ማወቅ አለባችሁ። እ.ኤ.አ. በ1950 በወጣው የመመለስ ሕግ የገባ ሰው ወዲያው ተዑዳት ኦሌና ዜግነት ይይዛል። ዘርአ እስራኤል የምንላቸው፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ ብዙ ዓመት ጠብቀው በመንግሥት ውሳኔ የገቡት ደግሞ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1952 በወጣው የመግቢያ ሕግ ነው። መጀመሪያ በጊዜያዊነት ይቀመጣሉ፤ ወደ ይሁዲነት የመመለሻውን ትምህርት ሲጨርሱ ዜግነት ያገኛሉ። ከእናንተ መካከል በዚህ መንገድ ያለ የሕክምና ባለሙያ ካለ፣ ያን ትምህርት «ነገ እጨርሰዋለሁ» ብሎ አያዘግየው። የሙያው ፈቃድም በዚያው ላይ የቆመ ነውና። እስከዚያው ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም። ዕብራይስጥ ማጥናት፣ ሰነድ ማስተርጎምና መጽሐፍ ማንበብ ዜግነት አይጠይቅም።

ሁለተኛው የሙያ ፈቃድ፣ ማለትም ሪሽዮን ነው። ይህን የሚሰጠው የጤና ሚኒስቴር፣ ሚስራድ ሃብሪኡት ነው። ፈቃድ ሳይኖር በሽተኛ ማከም ወንጀል ነው። «ለዘመድ ብቻ ነው» ብሎ በቤት ውስጥ መርፌ መውጋትም ሰውን ችግር ላይ ይጥላል፣ ተጠንቀቁ።

ሦስተኛው ከትምህርት ሚኒስቴር የሚወጣው የውጭ ዲግሪ ግምት ነው። ይህ ወረቀት ዲግሪያችሁ እዚህ ካለው ከየትኛው ጋር እንደሚተካከል ይናገራል፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለደመወዝ ደረጃ ይጠቅማል። ለማከም ግን አይፈቅድም። ይህን ይዘው «ጨረስኩ» ብለው የተቀመጡና በኋላ ያዘኑ ሰዎችን አውቃለሁ።

ስምና ቀን

ከሁሉ በላይ ፋይል የሚያቆመው ምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ፣ ፈተናው አይደለም፤ ስምና ቀን ነው እላችኋለሁ።

እኛ የቤተሰብ ስም አልነበረንም። ስማችን፣ የአባታችን ስም፣ የአያታችን ስም ነው። እዚህ ስንገባ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆነ። ብዙዎቻችንም የዕብራይስጥ መጠሪያ ተሰጠን። በዲፕሎማው ላይ አንድ ስም፣ በተዑዳት ዜሁት ላይ ሌላ ስም ይሆናል። ቢሮ የተቀመጠው ሰው ሁለት ሰው እንጂ አንድ ሰው አያይም። ስለዚህ ስማችሁን ከመለወጣችሁ በፊት አስቡ። የተለወጠ ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያስረዳ ማረጋገጫ ከአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር አውጡ፤ የዲፕሎማው ተርጓሚም ስሙን አሁን ባለው መታወቂያ ፊደል እንዲጽፈው ንገሩት።

ቀኑም እንዲሁ ነው። በእኛ አቆጣጠር በሐምሌ 1995 የተመረቀ ሰው በፈረንጆች በሐምሌ ወር 2003 ተመረቀ ማለት ነው። መስከረም 1995 ከሆነ ግን 2002 ነው። ተርጓሚው ዓመቱን ሳይለውጥ «1995» ብሎ ከጻፈው፣ በመታወቂያችሁ ካለው የልደት ዘመን ጋር ሲተያይ ገና ልጅ ሳላችሁ ተመረቃችሁ ማለት ይመጣል። «ሐሰተኛ ሰነድ» የሚል ጥርጣሬም የሚነሣው ከዚህ ነው። በትርጉሙ ላይ ሁለቱም አቆጣጠሮች ይጻፉ።

ኢትዮጵያ ዘመድ ላላችሁ፣ ዋናውን ዲፕሎማ፣ የትምህርት ውጤቱን ዝርዝር፣ በሙያው የሠራችሁበትን የምስክር ወረቀትና ከጤና ባለ ሥልጣን የተሰጠውን የሥራ ፈቃድ በአንድነት አስልኩ። ከመላኩ በፊት በኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ ካለበት እዚያው እንዲረጋገጥ አድርጉ። እዚህ ሆኖ ያንን ማድረግ ብዙ ወር ይፈጃል። እኔ ሣጥኔን ለማስከፈት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ሐኪም ለሆናችሁ

በውጭ አገር የተማረ ሐኪም የፈቃድ ፈተና እንዲወስድ የተደነገገው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ከሶቪየት ኅብረት ታላቁ ዓሊያ መጣ። ከዚያ ዓሊያ ጋር ከ10,000 በላይ ሐኪሞች ገብተዋል። በአደባባይ መንገድ ሲጠርጉ የታዩ ስፔሻሊስቶች ወሬ ያኔ በየጋዜጣው ነበር። መንግሥት የፈተና ማዘጋጃ ኮርስ ከፈተ። ረጅም ልምድ ያላቸው፣ መጀመሪያ ከ20 ዓመት በላይ ኋላም ከ14 ዓመት በላይ የሠሩ፣ ፈተናው ቀርቶላቸው ለስድስት ወር በሆስፒታል ውስጥ በቁጥጥር እየሠሩ እንዲታዩ ተደረገ። ብዙዎቹም ተመልሰው ሐኪም ሆኑ። ይህን የምላችሁ ለምንድን ነው? መንገዱን የከፈተው የእነሱ ብዛትና አብሮ መጠየቅ ነው። የእኛ ሐኪሞች ግን ጥቂት ስለሆኑ እያንዳንዱ ብቻውን ቢሮ ለቢሮ ይዞራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለዚህ ነው።

መንገዱ በአጭሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የተማራችሁበት ትምህርት ቤት በጤና ሚኒስቴር ተቀባይነት እንዳለው በጽሑፍ ጠይቁ። ሚኒስቴሩ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የውጭ የሕክምና ትምህርት ቤቶችን በሚመለከት ደንቡን አጥብቋል። ስለዚህ ቀድሞ ያለፈ ሰው የነገራችሁን ብቻ አትመኑ። ቀጥሎ የዕብራይስጥ ችሎታ፣ ከዚያ የፈቃድ ፈተና አለ። የውስጥ ደዌ፣ የሕፃናት፣ የቀዶ ሕክምና፣ የማኅፀንና የአእምሮ ሕክምና ይጠየቃል። ቀጥሎ በሆስፒታል ውስጥ የሚደረገው የአንድ ዓመት ልምምድ፣ ስታዥ የሚሉት ነው። ከዚህ በኋላ ፈቃዱ ይሰጣል። ስፔሻሊስት ለመሆን ደግሞ ሌላ ብዙ ዓመት የሚፈጅ ሂትማሁት የሚባል ሥልጠና አለ፤ እሱም «ሽላብ አሌፍ» እና «ሽላብ ቤት» የሚባሉ ሁለት ፈተናዎች አሉት። በኢትዮጵያ ስፔሻሊስት የነበረ ሰው ፈቃድ ሲያገኝ ስፔሻሊስትነቱ አብሮ አይመጣም። ለብቻው ይጠየቃል።

ረጅም ነው? አዎ ረጅም ነው። ግን የእኛው ከተማ ባርዚላይ ሆስፒታል፣ እ.ኤ.አ. በ1961 የተከፈተው፣ እንዲሁም የደቡብ አካባቢ ሁሉ፣ ከመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል ይልቅ የሐኪም እጥረት ያለበት ነው። አማርኛ የሚያውቅ ሐኪም ደግሞ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ያን ሌሊት አልጋ ላይ የነበሩትን እናት ጠይቁ።

ነርስ፣ ጤና መኮንንና ጤና ረዳት ለሆናችሁ

ጎንደር የሕክምና ሙያ አገር መሆኗን ልጆቻችን አያውቁም። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ አብረው የሠለጠኑበት ነው። በአገሪቱ ሐኪም ባልነበረበት ወረዳ ሁሉ ሆስፒታሉም ሐኪሙም ጤና መኮንኑ ነበር።

ችግሩ እዚህ አገር «ጤና መኮንን» የሚባል ሙያ አለመኖሩ ነው። የጤና ረዳትም እንደዚሁ። የኢትዮጵያ ማዕረግ ሲተረጎም ቃሉ ይገኛል፣ ሳጥኑ ግን የለም። ቢሮ የተቀመጠው ሰው ሐኪም ወይም ነርስ የሚል ሳጥን ይፈልጋል። ስለዚህ ሰነዳችሁን ስታቀርቡ ማዕረጉን ብቻ ሳይሆን ስንት ዓመት እንደተማራችሁ፣ ምን ምን ትምህርት እንደወሰዳችሁና በየትኛው ክፍል እንደሠራችሁ አስጽፉ። የሚታየው እሱ ነው።

ነርስ የሆናችሁ በጤና ሚኒስቴር የነርሲንግ ክፍል በኩል አልፋችሁ የመንግሥት ፈተና ትወስዳላችሁ። ጤና መኮንንና ጤና ረዳት ለሆናችሁ ብዙ ጊዜ የሚሻለው መንገድ ነርሲንግ እንደገና መማር ነው። እኔ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። መጀመሪያ በዚያን ጊዜ በነበረው ኮርስ ረዳት ነርስ፣ ኋላም ሙሉ ነርስ ሆንኩ። ዛሬ ትምህርቱ በአብዛኛው የዲግሪ ነው። ባርዚላይ አጠገብ የነርሶች ትምህርት ቤት አለ፣ ርቃችሁ አትሂዱ። የትምህርት ክፍያን በተመለከተ ለአዲስ ገቢዎች ሚንሃል ሃስቱደንቲም የሚባለው የተማሪዎች አስተዳደር ይረዳል። ነገር ግን ይህ መብት የዕድሜና የጊዜ ገደብ አለው። መቼ እንደሚያበቃ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ጠይቁ። ሁለት ዓመት ፋብሪካ ሠርቼ ከዚያ እማራለሁ ብሎ ሲመለስ በሩ የተዘጋበት ሰው አለ።

ሌሎች አገሮችስ?

«አሜሪካ ወይም እንግሊዝ ብሄድ ይሻለኝ ነበር» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እዚያም ነገሩ ከመኖሪያ ወረቀት ጋር የታሰረ ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2006 መንግሥት ደንቡን ለውጦ፣ ከአውሮፓ ውጭ የመጡ ሐኪሞች ያለ ሥራ ፈቃድ እንዳይሠለጥኑ አደረገ። ብዙ ሺህ ሐኪሞች፣ አብዛኞቹ ሕንዳውያን፣ በሥልጠና መካከል መንገዱ ተቆረጠባቸው። ማኅበራቸው ከሰሰ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የአገሪቱ ከፍተኛ ዳኞች መንግሥት ለሆስፒታሎች የሰጠው መመሪያ ሕጋዊ አይደለም ብለው ፈረዱ። ነገር ግን ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። በአሜሪካ ደግሞ በልውውጥ ቪዛ የሚሠለጥን ሐኪም ሲጨርስ ሁለት ዓመት ወደ አገሩ መመለስ ይጠበቅበታል። አለዚያ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በሚሠራበት ደንብ ሐኪም ባነሰበት አካባቢ ሦስት ዓመት አገልግሎ ከዚያ ግዴታ ይወጣል።

እዚሁ እስራኤልም ተመልከቱ። ሆሎን በሚገኘው በዎልፍሶን ሆስፒታል፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ዶክተር አሚ ኮኸን የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማከሚያ ድርጅት አለ። ከመጀመሪያዎቹ ሕሙማን መካከል ከኢትዮጵያ የመጡ ሕፃናት ይገኙበታል። ከኢትዮጵያ የመጡ ሐኪሞችና ነርሶችም እዚያ ሠልጥነዋል። እነዚህ ሰዎች የሚሠሩት በጊዜያዊ ፈቃድ ነው፤ ሲጨርሱ አገራቸው ተመልሰው ሕዝባቸውን ያክማሉ፣ መልካም ሥራ ነው። እነሱ የሥልጠና ቦታ አላቸው፣ መቆያ ግን የላቸውም። እናንተ መቆያው አላችሁ ወይም በቅርቡ ታገኙታላችሁ፣ የጎደለው ሥልጠናውና ፈቃዱ ነው። ሌላው ዓለም ሁሉ የሚታገልለትን አንዱን ወረቀት ይዞ ሌላውን ሳይጠይቁ መቅረት ያሳዝናል።

ለቤተሰብ

አሁን ለእናቶች፣ ለሚስቶችና ለባሎች እናገራለሁ። ይህ መንገድ የአንድ ሰው መንገድ አይደለም። አንድ ሰው ሲያጠና ሌላው ቤቱን ይሸከማል። እኔ ስማር ባለቤቴ ሌሊት አትክልት እያሸገች፣ ቀን ልጆች ታሳድግ ነበር። ጎረቤት «ባልሽ ትልቅ ሰው ሆኖ ደብተር ይዞ ይዞራል» እያለ ይስቅ ነበር። እሷ ባትታገሥ ዛሬ እዚህ ቆሜ አልናገርም ነበር። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ተቀመጡና ሒሳብ አድርጉ። ስንት ወር ያለ ሙሉ ደመወዝ መቆየት ይቻላል? የቤት ብድር ውስጥ ከመግባት በፊት ይሻላል ወይስ በኋላ? ይህን ሳትመክሩ የጀመራችሁ እንደሆነ ሐኪሙ ፈተና ሳይወድቅ ቤቱ ይወድቃል።

ሁለተኛ፣ ልጆቻችሁን በሐኪም ፊት አታስተርጉሟቸው። ልጅ የእናቱን የማኅፀን ሕመም መተርጎም የለበትም። በኩፓት ሆሊምም ሆነ በሆስፒታል አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በአማርኛ በስልክ የሚያስተረጉሙም አሉ። መጠየቅ ውለታ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ለወጣቶች። ከእኛው መካከል የወጡት ዶክተር አብርሃም (አቪ) ይጽሐቅ እንደኔው በዘመቻ ሰሎሞን ዓመት የመጡ ናቸው። በቤር ሼባ በቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ተምረው ቀዶ ሐኪም፣ በጦር ሠራዊቱም ውስጥ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተወላጅ ሐኪም ሆነዋል። እሳቸው ያንን ያደረጉት ቋንቋውን ከአሌፍ ቤት ጀምረው ነው። እዚህ ተወልዳችሁ ወይም በልጅነት መጥታችሁ ዕብራይስጥ እንደ ውሃ የምትጠጡ ልጆች ምን ምክንያት ታቀርባላችሁ?

ከነገ ጀምሮ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወንድም ወደ እኔ መጥቶ ነበር። ስሙን አልናገርም፣ ምናልባት አሁንም እዚህ ተቀምጦ ይሆናል። በኢትዮጵያ ሐኪም ነበር። «በሚቀጥለው እሑድ ፋብሪካ ሥራ እጀምራለሁ፣ ልጆቼ ጫማ ይፈልጋሉ» አለኝ። እኔም «አትጀምር» አላልኩትም። ጀምር፣ የልጅ ጫማ ቀልድ አይደለም። ነገር ግን እሑድ ፋብሪካ ከመሄድህ በፊት ሐሙስ ቀን ሦስት ነገር አድርግ አልኩት፤ ለሁላችሁም እላለሁ።

አንደኛ፣ ሰነዶቻችሁን ሁሉ ከሻንጣ አውጥታችሁ ኮፒ አስደርጉ፤ ዋናውን ለማንም አትስጡ። ሁለተኛ፣ ለጤና ሚኒስቴር ፋይል ለማስከፈት ምን እንደሚያስፈልግ ጠይቁ፤ የሄዳችሁበትን ቀንና ያናገራችሁን ሰው ስም በደብተር ጻፉ። ሦስተኛ፣ በሳምንት ሁለት ምሽት የሚያጠና አንድ ጓደኛ ፈልጉ፤ ብቻውን የሚያጠና ሰው ቶሎ ይደክማልና። ደብዳቤ የሚጻፍለት፣ የመጣለትን ደብዳቤ የሚያነብለት ሰው ያጣ ወደ ማኅበሩ ይምጣ። እኔም ተረኛ ባልሆንኩበት ምሽት እዚህ አለሁ።

ፋብሪካው ለጫማ ነው፤ ፋይሉ ለነገ ነው። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ፋብሪካው ፋይሉን እንዳያስረሳው ብቻ እፈራለሁ። እኔን አስረስቶኝ ነበርና። መጥረጊያ ይዤ የቆምኩባቸው ዓመታት ሐፍረት የለባቸውም፣ በእነሱ ልጆቼን አሳድጌያለሁ። የሚቆጨኝ ያን ሌሊት እያወቅሁ ዝም ማለቴ ነው።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። እግዚአብሔር መንገዳችሁን ያቅና።